ያልተተረጎመው ጸሎት

የባትሪ ድንጋይ ሽታ የሚወድ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሌንሳ ቁም ሳጥኑ ላይ የተረሳውን የቆርቆሮ ሣጥን አወረደችና የባለቤቴን የድሮ ሜጋፎን አወጣች። ሆዱን ስትከፍተው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ውስጡ የቀሩት ድንጋዮች ፈንድተው አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ያ ኮምጠጥ ያለ የብረት ሽታ ቤቱን ሞላው። ሌንሳ አፍንጫዋን ያዘች፤ እኔ ግን ጠጋ ብዬ አሸተትኩ። ቤተ ክርስቲያናችን የተመሠረተችበትን በዓል ልታከብር ስለሆነ የቆዩ ዕቃዎች እየተሰበሰቡ ነው። ሜጋፎኑም ከአሮጌው አኮርዲዮንና ከመዘምራኑ የድሮ ልብስ አጠገብ ይቀመጣል አሉ። በዚያው ቀን ሌንሳ ለወጣቶቹ ስለ ጸሎት ታስተምራለች። ከእኔ የፈለገችው ሜጋፎኑን ብቻ አልነበረም፤ ሌላም ነገር ጠይቃኛለች። እሱን ኋላ እደርስበታለሁ፤ አሁን ሽታው ይዞኝ ሄዷል።

የሚወስደኝ ወደ አባቴ ሱቅ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከተመ ነጋዴ ነበር። ሱቃችን ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ ነበረች። የላምባው በርሜል፣ የስኳሩ ጆንያ፣ ክሩ፣ ሳሙናው፣ የባትሪ ድንጋዩ ካርቶን ሁሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጨናንቆ ሽታው አንድ ሆኖ ነበር። ያኔ ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስሙኒ ያለው ፓስቲ ጨምሮበት ጠግቦ ይወጣል። በገበያው ሕግ ዋጋ በአማርኛ ይጠየቃል፣ ክርክሩ በኦሮምኛ ይካሄዳል። አባቴ በሁለቱም ጎበዝ ነበር፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ጉራግኛው ይመለሳል። ማለዳ ማለዳ ግማሹን በር ከፍቶ ቆሞ ዳዊቱን ይደግማል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ገዢ ከመጣ ሌባ ጣቱን ያነሳል፤ ቆይ ማለቱ ነው። የቸኮለውም ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ማንም ቅር ሲለው አላየሁም።

ባለቤቴን ቶለራን ያወቅሁት እዚያ ነው። ቡናማ ቴትረን ሱሪ፣ እግሩ እንደ ቀሚስ የሰፋ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ክንዱ ላይ የተጣለ ኮት፤ ከዲጋ የመጣ የገበሬ ልጅ መሆኑን የሚናገረው ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ብቻ ነበር። ለሚሰብክበት ሜጋፎን የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጥቶ፣ አባቴን በኦሮምኛ ከነቤተሰቡ ከነከብቱ ጤና ጠይቆ ሲያበቃ ዋጋውን በአማርኛ ጠየቀ። ድንጋዮቹን አስገብቶ በር ላይ ቆመና ሞከረው፦ «አንድ፣ ሁለት! ቶኮ፣ ለማ!» ሜጋፎን ሲሞክር እንኳ በሁለት ቋንቋ ነበር። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሳቅኩ፤ እሱም አየኝ። የቀረውን ያፈቀረ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ «ልጄን ለባለ ጡሩምባ አልድርም» ብሎ ነበር። በሃይማኖትም አንድ አልነበርንም። በመጨረሻ ያሸነፈው የእኔ እልህ ይሁን የቶለራ ትሕትና እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከተጋባን በኋላ የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያኖች የታሸጉበት ጊዜ መጣ። መቼና በማን የሚለውን ለሚጽፉት ልተወው። እኔ የማስታውሰው በየቤቱ በሁለትና በሦስት መሰብሰባችንን፣ መዝሙሩን ከንፈራችንን ገጥመን ማንጎራጎራችንን ነው። ሜጋፎኑ በእህል ጆንያ ውስጥ ተደብቆ ከረመ። ያኔ የተከራየነው፣ ዛሬም የምኖርበት ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ጓዳ ነበረው። የጭቃው ግድግዳ ጣሪያው ጋ አይደርስም፤ ኮርኒስ የሚባል ነገርም የለው። ቶለራ ጓዳዋ ውስጥ በበቆሎው ጆንያና በመጥረቢያው መካከል ተንበርክኮ ይጸልያል። ግድግዳው እንዲያ ጎዶሎ ሆኖም አንዲት ቃል አትሰማኝም ነበር። ሲወጣ ፊቱ ያረፈ ሰው ፊት ነው። እኔም የአባቴን ሌባ ጣት እያስታወስኩ፣ የፈለገው ሰው ቢመጣ ከጓዳው አልጠራውም ነበር።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኖቹ በሮች ተከፈቱ። ሰው እንዴት ተጠምቶ እንደነበር ያላየ አያምነኝም። ከነቀምቴ እስከ ዲጋ፣ ከኡኬ እስከ አንገር ጉቲን ስብሰባው አያባራም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሰባኪዎች አማርኛ ይናገራሉ፤ ሕዝቡ የሚሰማው በኦሮምኛ ነው። አንገር ጉቲን ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሰፈሩት የወሎ ሰዎች ስለሆኑ የእኛ አገር ሰባኪ በኦሮምኛ ሲሰብክ ወደ አማርኛ መመለስ ያስፈልጋል። በሁለቱም በኩል የሚፈለገው ቶለራ ነበር። እሱ ሲተረጉም ሰባኪው አንድ ሰው፣ አስተርጓሚው ሌላ ሰው መሆኑ ይረሳል። ሰባኪው ሲያለቅስ ያለቅሳል፣ እጁን ሲያነሳ ያነሳል፤ አንዳንዴማ ደካማው ስብከት በእሱ አፍ ሲያልፍ ጠንክሮ ይወጣ ነበር። ሲተርፈው ራሱ ይሰብካል፤ ብቻውን ሲሰብክም አንዱን ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ቋንቋ ይለዋል። እኔ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ጉርድ። በጭነት መኪና ላይ ቆመን፣ አቧራው ሸሚዛችንን እያቀላው፣ አንዱን አዝማች በኦሮምኛ አንዱን በአማርኛ እየዘመርን እንሄዳለን። ዛሬ መዘምራኑ የሚለብሱት ልብስ ውድና የሚያምር ነው፤ እኔን ግን ያ አቧራ ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቶለራ ጓዳ ገብቶ ሳለ ድምፅ ሰማሁ። አንዱ በአማርኛ ይናገራል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላው በኦሮምኛ ይመልስለታል። እንግዳ ሳላየው ገብቶ ነው ብዬ አፈርኩ። ሻይ አፈላሁ፣ በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ፣ በትሪ አድርጌ የጓዳዋን በር በእግሬ ገፋ አደረግሁ። ቶለራ ብቻውን ተንበርክኳል።

«እንግዳው የት ሄደ?» አልኩት።

«የምን እንግዳ?»

«ስትነጋገሩ አልሰማሁም እንዴ?»

ብርጭቆዎቹን አየ፤ እኔን አየ፤ ቀስ እያለ ገባው። ለካ ለእግዚአብሔር አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ከተናገረ በኋላ በኦሮምኛ እየደገመለት ኖሯል። እኔ ሳቄ መጣ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብለህ ነው?» አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ሁለቱንም ሻይ ጠጣ። ለሳምንት ያህል በዚህ ስንቀልድ ከረምን።

ቀልዱ ግን አልበረከተም። ቶለራ ልማዱን ሊተወው ሞከረና አቃተው። በአንድ ቋንቋ ልጸልይ ብሎ ይጀምራል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ምላሱ ወዲያው ወደ ሌላው ይሻገራል። «እኔ» ማለትም ጠፍቶበት ነበር፤ ሁሉ ነገሩ «እኛ ሕዝብህ» ሆነ። ድምፁም የጓዳ ድምፅ አልነበረም፤ ከኋላ ለተቀመጡት የሚደርስ ድምፅ ነው። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን በእጁ እንደያዘ እንዲህ አለኝ፦ «በላይነሽ፣ ዝም ስል ሕዝቡ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ቃል ሞልቶኛል፤ የራሴ የሆነ ግን አንድም አጣሁ።» በዚያው ጠዋት ኡኬ ሄዶ ስለ ጓዳ ጸሎት አስተማረ። ሰው እያለቀሰ ሰማው። ሐሰተኛ ነበር አልልም፤ የሚናገረውን ሁሉ ያምንበት ነበር። ነገር ግን ለሌላው ሲቀዳ ውሎ ራሱ ጠምቶት የሚያድር ሰው ማየት፣ ያውም ባልሽ ሲሆን፣ ያሳዝናል። እኔ አዝኜ ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ልጃችን ቦንቱ ታመመች። አንገር ጉቲን ይዘናት ወርደን ነበር፤ ቆላው ወባውን ሰጥቶ መለሳት። አፏን በደንብ የፈታች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሁሉ በቃሏ የምትወጣ ልጅ ነበረች። ጤና ጣቢያ መርፌ ተወግታ ወደ ቤት ይዘናት እንድንመለስና እንድንጠብቅ ነገሩን። መጠበቅ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ በቀላሉ የሚያዘው። ገላዋ ይነድዳል፤ ዓይኗ ግማሹ ተከፍቶ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ቶለራ በአንድ ወገን ተንበረከከ፣ እኔ በሌላው ወገን እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። እሱም ጀመረ፦ «አቤቱ፣ እኛ ሕዝብህ በፊትህ ቀርበናል፤» ከዚያ በኦሮምኛ፣ «ያ ዋቀዮ...» ብሎ ደገመው። ትንፋሽ ለመውሰድ ሲያቆም ቦንቱ «አሜን» አለች።

በጉባኤ እንደለመደችው ነው። አባቷ ሲያቆም ሕዝቡ አሜን እንደሚል ታውቃለች፤ እዚህ ደግሞ ሕዝቡ እሷ ብቻ ነበረች። እሱ ቀጠለ፤ ሲያቆም ደግማ «አሜን» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። በቀጣዩ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ለማለት ስትታገል የአንገቷ ሥር ሲወጣ አየሁ።

«ቶለራ፣» አልኩት፣ «ልጅቷ እየደከመች ነው። አሜን ልትልልህ ነው አቅሟን የምትጨርሰው።»

እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ሊቀጥል አልቻለም፤ ሊተወውም አልቻለም። ያኔ የነቀምቴ ዝናብ መጣ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ኮርኒስ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም። ቶለራ ግንባሩን በፍራሹ ጠርዝ ላይ፣ በልጅቷ እግር አጠገብ ደፋ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁን ግን ዝናቡ ዋጠው። ቦንቱም ስላልሰማችው አሜን ማለቱን ትታ አሸለበች። እንደተደፋ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ታጥቦ ነበር።

ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቃት። መርፌው ነው ያለ ነበር፣ ጸሎቱ ነው ያለም ነበር፤ እኔ ከሁለቱ አንዱንም አልጣልኩም። ዛሬ ቦንቱ ጊምቢ ነርስ ናት፤ የሌንሳ እናት ማለት እሷ ናት።

ልጅቷ እንደቆመች ቶለራ የጉባኤው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ወደነበሩት ወደ ኦቦ ፉፋ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ። ኦቦ ፉፋ ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም ጃንጥላቸውን የማይለቁ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚነሳ ቶሎ የሚበርድ ሰው ነበሩ። ቶለራ እስከ መስቀል ድረስ እንዳይጠሩት ለመናቸው።

«ሕዝቡ እንዲህ ተጠምቶ አንተ ጓዳ ልትገባ ነው?» አሉት።

«ኦቦ ፉፋ፣ የምቀዳበት ደርቋል። ካልቆፈርኩ ነገ ለሕዝቡም የሚሆን አይኖረኝም።»

አልተዋጠላቸውም። የኡኬ ሰው መንገድ ጠርጎ እንደሚጠብቅ፣ ዲጋ ላይ ቀን እንደተቆረጠ ዘረዘሩ። እውነታቸውን ነበር፤ ሰውም እውነቱን ነበር የተጠማው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ሃደ ቦንቱ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ፤ የቦንቱ እናት ማለታቸው ነው። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሰው የሚለውን ፈርቻለሁ፤ ወንጌላዊው በረደ ይላሉ፤ በኋላም ብለውታል። ባሌን ደግሞ እፈልገዋለሁ። «የሻዩን ነገር ልንገርዎት?» አልኩና የሁለቱን ብርጭቆ ነገር ነገርኳቸው። ኦቦ ፉፋ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲጠርጉት ቆዩና ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«እኔም እኮ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማዕድ ስባርክ እግዚአብሔር ይሰማኛል ብዬ ካሰብኩ ቆይቷል። እንግዶቹ ይሰሙኛል ብዬ ነው ድምፄን የማሳምረው።» ጃንጥላቸውን አንስተው በር ድረስ ሸኙን። «ሂድ፤ ቆፍር። ሲገኝ ግን ለእኛም ቅዳልን» አሉት።

ያን ክረምት ቶለራ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰማ። በእሱ ቦታ የተተካው አስተማሪ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሲተረጉም ሦስት ጨምሮበት እንግዳ ሰባኪዎቹን ግራ ያጋባ ነበር። መዘምራኑ ውስጥ ሆነን ሳቃችንን በመዝሙር ደብተር እንሸፍናለን። ከጓዳዋ መጀመሪያ ለብዙ ቀን ዝምታ ብቻ ነበር። እየቆየ፣ የማላውቀው ጉርምርምታ። ቃሉን ለመስማት ጆሮዬን ብጥል አልሰማም፤ ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ከመስቀል በኋላ መጀመሪያ የወጣው ኡኬ ነው። እንግዳው ሰባኪ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራባቱን ያጠበቀ ወጣት ነበር። ቶለራ ስብከቱን ከድሮው አብልጦ ተረጎመለት። ሰባኪው «እንጸልይ» ሲል ቶለራ «ሃ ከደኑ» አለና ሜጋፎኑን ዝቅ አደረገ። ሰባኪው ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ጸለየ፣ ትርጉሙን ጠበቀ። ምንም የለም። አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ይቀጥሉ፣» አለው ቶለራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ ሰምቶዎታል።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በሁለቱም ቋንቋ እንዲህ አለ፦ «ስብከቱን ለእናንተ ነውና ተረጎምኩላችሁ። ጸሎቱ ግን ለእናንተ አይደለም። እያንዳንዳችሁ በየአፋችሁ ንገሩት።»

መጀመሪያ ሰው ተደናገረ፤ አንዳንዱ ጎረቤቱን አየ። ከዚያ አንዲት ሴት ጀመረች፣ ከዚያ ሌላው፤ ያ ሜዳ ሁሉ በየራሱ ድምፅ ጉርምርም አለ። ስንመለስ መኪናው ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሥርዓት ፈረሰ አሉ። ቶለራ ግን እስከ መጨረሻው እንዲያው ኖረ። ሰበከ፣ ተረጎመ፣ አስተማረ፤ ጸሎት ላይ ሜጋፎኑን ዝቅ ያደርጋል። ጓዳዋንም አልተወም። ኡኬ ላይ ልማድ ሆኖ እስከ ዛሬ እንዳለ ሰምቻለሁ።

ቶለራ ካረፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሌንሳ አያቷን የወረሰችው በምላሷ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም ከአፏ እንደ ማር ይወርዳል። የጠዋት ጸሎቷን በስልኳ ቀርጻ ትለቀዋለች፤ ሰዉም የልብ ምልክት ያዘንብላታል። መጀመሪያ ሳየው ደንገጥ ብዬ ነበር። ግን በየአገሩ ብቻቸውን የሆኑ ልጆች በእሷ እየተጽናኑ እንደሚጽፉላት አንብባልኛለችና አልነቅፋትም። የአያቷም ሜጋፎን በጊዜው ጡሩምባ ተብሎ ተሰድቧል።

እንግዲህ የጠየቀችኝን ልንገራችሁ። ሜጋፎኑን በጨርቅ እየጠረገች፣ «አኮ፣» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው፤ «እማዬ የታመመች ቀን አባባ ቶለራ በዝናቡ ውስጥ ምን ብሎ ነው የጸለየው? ትምህርቱን በዚያ ነው መዝጋት የምፈልገው። ቃሉ ቢገኝ ሰው ይሰበራል።»

ዓይኗ የቶለራ ዓይን ነው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል።

የነቀምቴ ዝናብ አመጣጡም አካሄዱም ድንገት ነው። በዚያ ቀን እንደ ቧንቧ ተዘግቶ ሲቆም፣ ቶለራ መቆሙን ልብ አላለም ነበር። የቀረውን በፀጥታው ውስጥ ተናገረው፤ በአንድ ቋንቋ፣ እናቱ ዲጋ ባስተማረችው ቋንቋ፣ አንድም ጊዜ ሳይደግመው፣ «እኔ» እያለ። እኔም በዚያን ጊዜ ኦሮምኛው ጠንቅቆ ይገባኝ ነበር። ሰማሁት። መስማቴን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩትም፤ እሱም ሳያውቅ ሄደ። እስካሁን ከእኔ ሌላ ማንም አልሰማውም፤ እዚህም አልጽፈውም።

«ዝናብ ነበር፣ ልጄ» አልኳት። ከዚያ ተነሥቼ የጓዳዋን በር ከፈትኩላት።

«ስልክሽን እዚህ አስቀምጪና ግቢ» አልኳት። «እሱም የራሱን ቃል ያገኘው እዚያ ውስጥ ነው።»

ስልኩን ከሜጋፎኑ አጠገብ አስቀመጠችና ገባች፤ በሩን እኔ ዘጋሁላት። ሻይ ጣድኩ፤ ሲፈላ ግን አልጠራኋትም።